የታጠበ ሞተር ምስክርነት

አንድ ሰው ያላየውን ነገር እውነት ነው ብሎ ለማመን፣ ከዚያም አልፎ ሌሎችን ለማሳመን የሚያበቃው ምን ሲያሟላ ነው የሚለው ጥያቄ የፍልስፍና ጥንታዊ ጥያቄ ነው። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው በመጻሕፍት ምሳሌዎች ቢሆንም፣ በየዕለቱ ሥራ ውስጥ ሳይጠሩት የሚመጣባቸው ሙያዎች አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ የአነስተኛ አውሮፕላን ሞተር ጥገና ነው። መካኒኩ ሥራውን ሲጨርስ አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ መሆኑን በጥገና መዝገቡ ላይ ጽፎ ይፈርማል፤ በዚያ ፊርማም ፈጽሞ የማያውቃቸው ሰዎች ሕይወታቸውን ለሞተሩ አደራ ሰጥተው ይሳፈራሉ። ሆኖም የፈረመው ሰው የሞተሩን ውስጥ በሙሉ አላየም፤ ያየው ከውስጡ ወደ ውጭ የወጡ ምልክቶችን ነው። ይህ ድርሰት ጥያቄውን በአንድ ጠባብ ጉዳይ፣ ማለትም በጭስ ማውጫው አካባቢ የሚታይ የዘይት ፍሳሽ ከየት እንደ መጣ በመመርመር ሥራ ላይ ይፈትናል። መከራከሪያውም የማመን መብት የሚገኘው ማስረጃን በመሰብሰብ ብዛት ብቻ አይደለም፣ ስሕተትን የሚያጋልጠው ማስረጃ ብቅ እንዲል በር በመክፈት ነው የሚል ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የሞተሩን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። በዓለም ላይ በብዛት ከተመረቱት አውሮፕላኖች አንዱ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1955 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ሴስና 172 በኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪዎች ማሠልጠኛም ያገለገለ አውሮፕላን ነው። በዚህ አውሮፕላን ብዙ ሞዴሎች ላይ የሚገጠመው ላይኮሚንግ ኦ-320 የተባለው ሞተር አራት ሲሊንደሮች አሉት፤ ሲሊንደር ማለት ነዳጁ የሚቃጠልበትና ፒስተኑ የሚመላለስበት በርሜል መሰል ክፍል ሲሆን፣ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው፤ ከፊት የሚገባው አየር በሲሊንደሮቹ ዙሪያ በተደረደሩት ስስ የማቀዝቀዣ ቅጠሎች መካከል ከላይ ወደ ታች ተገፍቶ ያልፍና በኋለኛው የታችኛው ክፍተት በኩል ይወጣል። በሞተሩ ሆድ ውስጥ ሲሞላ 8 ኳርት፣ ማለትም ወደ 7.5 ሊትር የሚጠጋ ዘይት ይገኛል፤ ይህም ዘይት የሚፋተጉትን ብረቶች ከማለስለሱም በላይ ሙቀታቸውን ተሸክሞ ያወጣል። የተቃጠለውን ጋዝ የሚያስወጡት ቧንቧዎች ደግሞ ከሲሊንደሮቹ ሥር ተነሥተው፣ ድምፅን ወደሚያፍነው ጣሳ፣ መካኒኮች ማርሚታ ወደሚሉት ክፍል ይሰበሰባሉ።

ከዚህ አቀማመጥ የሚከተለው ውጤት ቀላል ቢመስልም ምርመራውን ሁሉ የሚወስነው እርሱ ነው። ነፋሱ ወደ ኋላና ወደ ታች ይገፋል፤ የምድር ስበትም ወደ ታች ይጎትታል፤ ጭስ ማውጫው ያለውም ከታች ነው። ስለዚህ ከሞተሩ የትኛውም ጫፍ የሚያመልጥ ዘይት በስተመጨረሻ የሚታየው በጭስ ማውጫው አካባቢ ነው። ከፊት፣ ውልብልቢቱን የሚያዞረው ዘንግ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ ያለው የጎማ ማሸጊያ ሊያፈስ ይችላል፤ ቫልቮቹን የሚከፍቱት ክንዶች ያሉበት ሳጥን ክዳን ሥር የሚገባው ስስ ማሸጊያ፣ በጋራዥ ቋንቋ ጓርኒሲዮን የሚባለው፣ ደርቆ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከዚያ ሳጥን ዘይቱን ወደ ሞተሩ ሆድ የሚመልሰው ቀጭን ቱቦ ማያያዣው ሊላላ ይችላል፤ ሲሊንደሩ ከሞተሩ አካል ጋር የሚገናኝበት ሥሩ ሊያልብ ይችላል፤ ዘይቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያደርሰው ቱቦም ሊተረተር ይችላል። የእነዚህ ሁሉ ዱካ መጨረሻው አንድ ነው። ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚበልጥ ሙቀት ያለው ጋዝ የሚያልፍበት ቧንቧ ላይ የተንጠባጠበ ዘይት ይጨሳል፣ ይሸታል፣ ቡናማና ጥቁር ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሊቀጣጠል መቻሉ ነው።

ምልክቱ የሚታይበትና ምክንያቱ ያለበት ቦታ መለያየታቸው ሁለት ዓይነት እውቀትን እንድንለይ ያስገድዳል። አርስቶትል ስለ ማረጋገጫ በጻፈው መጽሐፉ አንድ ነገር መሆኑን ማወቅ እና ለምን እንደ ሆነ ማወቅ የተለያዩ እንደ ሆኑ አስተምሯል፤ ለማስረዳት የተጠቀመበትም የፈለኮች ብርሃን ነው። ፈለኮች እንደ ከዋክብት አይርገበገቡም፤ ከዚህ ተነሥቶ ቅርብ ናቸው ብሎ መደምደም ከውጤት ወደ ምክንያት መሄድ ነው፤ ቅርብ ስለ ሆኑ አይርገበገቡም ማለት ግን ከምክንያት ወደ ውጤት መውረድ ነው፣ ለአርስቶትልም ሙሉ እውቀት የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። መካኒኩ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ዘይት መኖሩን ያውቃል፣ ለምን እንዳለ አያውቅም። አርስቶትል ከሰጠው ምሳሌ ይልቅ የመካኒኩን ሁኔታ የሚያከብደው ግን አንድ ውጤት ብዙ ምክንያቶች ሊኖሩት መቻላቸው፣ ምክንያቶቹም በክብደታቸው እጅግ መራራቃቸው ነው። በክዳን ሥር ያለ ጓርኒሲዮን በጥቂት ደቂቃዎች ይለወጣል፤ የሲሊንደሩን ሥር አጥብቀው የያዙት ብሎኖች ላልተው ወይም አንዱ ተበጥሶ ከሆነ ግን ሲሊንደሩ በበረራ ላይ ሊለይ ይችላል። በጭስ ማውጫው ላይ የተጋገረው ቡናማ ቅርፊት ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ በራሱ አይናገርም።

ስለዚህ ምርመራ ማለት ብዙ ምክንያቶችን የሚደግፈውን ምልክት ትቶ፣ አንዱን ከሌላው የሚለየውን ምልክት መፈለግ ነው። የመጀመሪያው መለያ ዘይቱ ከውጭ ወደ ቧንቧው መጣ ወይስ ከውስጥ ወደ ውጭ ወጣ የሚለው ነው። ከውስጥ የሚመጣ ዘይት ሁለት ዋና መንገዶች አሉት። አንደኛው፣ ፒስተኑን ከበው ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እንዳያልፍ የሚጠርጉት ቀለበቶች፣ ፋሻ የሚባሉት፣ ሲያልቁ ወይም ሲጣበቁ ነው፤ ያን ጊዜ ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላም በዘይት ይርሳል። ሁለተኛው፣ ጭሱን የሚያስወጣው ቫልቭ ግንዱ የሚመላለስበት መምሪያ ሲሰፋ ነው፤ ዘይቱ በግንዱ ላይ ወርዶ በቀጥታ ወደ ጭስ መውጫው ስለሚገባ የማቃጠያውን ክፍል አያረጥብም። ስለዚህ ቧንቧው ሲፈታ የመውጫው አፍ በዘይት ጠቁሮ ካንዴላው ግን ደረቅ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ መምሪያው ያዘነብላል፤ ሁለቱም ከረጠቡ ወደ ፋሻው ያዘነብላል። አንዱ ብቻውን ሲታይ የማይናገረውን ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይናገራሉ።

ማስረጃ ሁሉ ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ እንደማይሆንም እዚሁ ላይ ይታያል። በሙያው የታወቀው የሲሊንደር ግፊት ፈተና ብዙውን ጊዜ በስኩዌር ኢንች 80 ፓውንድ የሆነ የታመቀ አየር ወደ ሲሊንደሩ አስገብቶ ምን ያህሉ እንደሚቀር ይለካል፤ የሚያመልጠውም አየር የሚሰማበት ቦታ መንገዱን ያመለክታል። በጭስ ማውጫው በኩል የሚሰማ ፉጨት የጭሱን ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው በኩል የሚሰማ ደግሞ ፋሻዎቹን ይከሳል። ነገር ግን ግፊት የሚይዙት ፋሻዎችና ዘይት የሚጠርገው ፋሻ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ደኅና ሆነው ሁለተኛው አልቆ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ፈተና ጥሩ ቁጥር ያገኘ መካኒክ ዘይቱ ከሲሊንደሩ አይመጣም ብሎ ቢደመድም፣ በትክክል የለካውን ነገር ላልለካው ነገር ምስክር አድርጎ አቆመ ማለት ነው። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን እንዲመልስ ግን ተገደደ።

ምክንያትና ውጤት ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አለመሰለፋቸው ደግሞ ሌላ ውስብስብነት ይጨምራል። ጭስ ማውጫው ከሲሊንደሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው ማሸጊያ ሲበላሽ፣ የሚያመልጠው የሚያቃጥል ጋዝ በአጠገቡ ያለውን የክዳን ጓርኒሲዮንና የዘይት መመለሻውን ቱቦ ማያያዣ ያነድዳል፤ እነዚያም ደርቀው ዘይት ማፍሰስ ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜ የሚታየው ችግር የዘይት ፍሳሽ ነው፤ ሥሩ ግን የጋዝ ፍሳሽ ነው። ጓርኒሲዮኑን ብቻ የለወጠ መካኒክ ፍሳሹን በእርግጥ ያቆማል፤ ጋዙ ግን አዲሱንም ማሸጊያ እንደ አሮጌው ያደርቀዋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ከዘይቱ ጥቁር ርጥበት ባሻገር በመገጣጠሚያው ዙሪያ ነጣ ወይም ግራጫ ያለ ደረቅ ዱቄት የሚፈልጉት ለዚህ ነው፤ የእነዚህ ሞተሮች ነዳጅ እርሳስ ስላለበት የሚያመልጠው ጋዝ እንዲህ ያለ ዱካ ይተዋል። የትኛው ምክንያት የመጨረሻው ነው የሚለው ጥያቄ በንድፈ ሐሳብ ማብቂያ የለውም፤ ማሸጊያው ለምን ተበላሸ፣ ብሎኑ ለምን ላላ እየተባለ ሊቀጠል ይችላል። በተግባር ግን መቆሚያው አለ፤ እርሱም ተስተካክሎ ሲሠራ ችግሩ የማይመለስበት ምክንያት ላይ መድረስ ነው፤ ይህንንም የሚያረጋግጠው ከጥገናው በኋላ የሚታየው ነገር ብቻ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ መካኒኩ ዱካውን ማየት እንደሚችል አድርጎ የወሰደ ነው። እውነቱ ግን በብዙ መቶ ሰዓታት በረራ የተከማቸ ዘይት፣ አቧራና ጥላሸት ሞተሩን ሸፍኖት ይገኛል፤ ትናንት የፈሰሰውን ካለፈው ዓመት ፍሳሽ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የሙያው የመጀመሪያ ትእዛዝ ማጠብ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የአቪዬሽን አስተዳደር ደንብ ክፍል 43 በዚህ ላይ የሚያስገርም ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ዓመታዊውን ወይም የ100 ሰዓቱን ምርመራ የሚያካሂድ ሰው ከምርመራው በፊት የሞተሩን ሽፋን ገልጦ አውሮፕላኑንና ሞተሩን በሚገባ እንዲያጸዳ ያዝዛል፤ ከዚያም በሞተሩ ክፍል ከመጠን ያለፈ የዘይት ፍሳሽ በዓይን የሚታይ ምልክት እንዳለና ምንጩም የት እንደ ሆነ እንዲመረምር ይጠይቃል፤ በመጨረሻም አውሮፕላኑ ወደ አገልግሎት እንዲመለስ ከመፈረሙ በፊት ሞተሩ ተነሥቶ አሠራሩ እንዲታይ ያስገድዳል። ላይ ላዩን ሲነበብ ደንቡ ምልክቱን አጥፋ ካለ በኋላ ምልክቱን ፈልግ የሚል ይመስላል።

ተቃርኖው የሚፈታው ማጠብ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ትርጉሞች ሊኖሩት እንደሚችል ሲታወቅ ነው። አውሮፕላኑን ለገዢ ሊያሳይ የተዘጋጀ ሻጭ ሞተሩን ያጥባል፤ ፍሳሹን የሚፈልግ መካኒክም ያጥባል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ፈሳሽ፣ አንድ ዓይነት ብሩሽና አንድ ዓይነት ጨርቅ ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ ሥራቸውን ሲጨርሱም ሁለቱ ሞተሮች አንድ ይመስላሉ። አንዱ ያጠበው እንዳይታይ ነው፤ ሌላው ያጠበው እንዲታይ ነው። ልዩነቱ በልብ ውስጥ ባለ ሐሳብ ብቻ የተሸሸገ ቢሆን ኖሮ ሌላው ሰው ሊፈርድበት አይችልም ነበር፤ ነገር ግን ልዩነቱ በሚቀጥለው ድርጊት ይገለጣል። መካኒኩ ከማጠቡ በፊት አሮጌውን ዱካ ያያል፣ የት እንደ ወፈረና የት እንደ ሳሳ ይመዘግባል፤ ካጠበ በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ ለጥቂት ደቂቃዎች ያሠራል፤ አጥፍቶም ሽፋኑን እንደገና ይከፍትና የመጀመሪያዋን ርጥበት ይፈልጋል። ነፋሱ ወደ ኋላና ወደ ታች እንደሚገፋ ስለሚያውቅ፣ ከርጥቡ ቦታ ሁሉ ወደ ፊትና ወደ ላይ ጠርዝ የቀረበውን ምንጭ አድርጎ ይጠረጥራል። ፍሳሹ በጣም ቀጭን ከሆነ በዘይቱ ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ይጨምራል፣ ወይም ነጭ ዱቄት ይነሰንስና የሚጠቁርበትን ይጠብቃል። ሻጩ ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም፤ ንጹሕ ሞተር ለእርሱ የመጨረሻው ነጥብ ነው።

ከዚህ ልዩነት ስለ እምነት ሥነ ምግባር አንድ መሠረታዊ ነገር ይወጣል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊሊያም ኪንግደን ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ስለ እምነት ሥነ ምግባር የሚያወሳ ድርሰቱ አንድ የመርከብ ባለቤትን በምሳሌነት አቅርቧል። ሰውየው መርከቡ ያረጀና ጥገና የሚሻ መሆኑን ይጠረጥራል፤ ነገር ግን ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ በደኅና መመለሱን እያሰበ ጥርጣሬውን ያባርራል፣ በቅንነትም ደኅና ነው ብሎ ያምናል፤ መርከቡም ከነተሳፋሪዎቹ ይሰጥማል። ክሊፎርድ ሰውየው ለሞቱት ሰዎች ተጠያቂ መሆኑን ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ መርከቡ ሳይሰጥም በደኅና ቢደርስ እንኳ ጥፋቱ እንደማይቀንስ ይሟገታል፤ ምክንያቱም በያዘው ማስረጃ እንዲያ የማመን መብት አልነበረውምና። ክሊፎርድ ይህን የጻፈው ባሕርን በወሬ ብቻ አውቆ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1870 የፀሐይ ግርዶሽን ለመመልከት ሲጓዝ የተሳፈረበት መርከብ በሲሲሊ ባሕር ዳርቻ ተሰብሮበት ተርፏል።

የክሊፎርድ ባለ መርከብና ሞተሩን ለሽያጭ ያጠበው ሰው በአንድ ነገር ይለያያሉ። ሻጩ ሌላውን ያታልላል፤ ባለ መርከቡ ግን ያታለለው ራሱን ነው። ሦስተኛው፣ ከሁለቱም የሚከብደው ጉዳይ፣ ሞተሩን በቅንነት አጥቦ፣ ዱካው ሲጠፋ እፎይ ብሎ፣ ሳያስነሣ የሚፈርም መካኒክ ነው። ይህ ሰው ማንንም ለማታለል አላሰበም፤ ያየውም እውነት ነው፣ ሞተሩ ደረቅ ነው። ነገር ግን ሞተሩ የደረቀው ስላልፈሰሰ ሳይሆን እንዲፈስ ዕድል ስላልተሰጠው ነው። የክሊፎርድ መርሕ እዚህ ላይ መጠነኛ ማሻሻያ ያስፈልገዋል፤ በቂ ማስረጃ ይኑር ማለት ብቻውን አይበቃም፣ ማስረጃው ተቃራኒውን ለማሳየት በሚችል ሁኔታ የተገኘ መሆኑም መጠየቅ አለበት። ከተሠራ በኋላ ደረቅ ሆኖ የተገኘ ሞተርና ሳይሠራ ደረቅ ሆኖ የተገኘ ሞተር ለዓይን አንድ ናቸው፤ በምስክርነት ሚዛን ላይ ግን የመጀመሪያው ይመዝናል፣ ሁለተኛው ባዶ ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊሊያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1896 ባቀረበው ምላሽ ክሊፎርድን እጅግ ጥብቅ ነው ብሎ ተችቶታል። በጄምስ አስተያየት ምርጫው ሕያው፣ ከባድና የማይሸሽ ሲሆን፣ ማስረጃውም ሊወስነው በማይችልበት ጊዜ፣ ሰው በፈቃዱ አምኖ እርምጃ የመውሰድ መብት አለው፤ አለመወሰንም ራሱ ውሳኔ ነውና። ይህ ትችት ጠቃሚ የሚሆነው የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ሲለይ ነው። አውሮፕላኑ መሬት ላይ እስካለ ድረስ ምርጫው የማይሸሽ አይደለም፤ በረራውን ለነገ ማሳደር፣ ቧንቧውን ፈትቶ ማየት፣ ሌላ ሰው ጠርቶ ማሳየት ይቻላል። ስለዚህ በሀንጋሩ ውስጥ የሚገዛው የክሊፎርድ ሕግ ነው። በአየር ላይ ሳለ የጭስ ሽታ የሸተተው አብራሪ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው፤ ማስረጃው እስኪሟላ መጠበቅ አይችልም፣ ባለው ጥርጣሬ ተነሥቶ ወዲያው ለማረፍ መወሰን አለበት። ሁለቱ ፈላስፎች የተከራከሩት በአንድ እምነት ላይ ቢመስልም፣ እምነቱ በሚጠየቅበት ሰዓት ጊዜ መኖሩና አለመኖሩ ፍርዱን ይለውጠዋል። በመሬት ላይ ያለ ሰው በአየር ላይ ላለው ሰው የሚፈቀደውን ነጻነት ለራሱ ሲወስድ፣ ጥንቃቄን የሚቀንሰው ቸኩሎ እንጂ ተገድዶ አይደለም።

ነገር ግን የክሊፎርድ ጥብቅነት ያለ ልክ ከተወሰደ ወደ ሌላ ጥፋት ያደርሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ አየር ኃይል የባሕር ጠረፍ ዕዝ ውስጥ ያገለገለው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኮንራድ ሃል ዋዲንግተን የፀረ ባሕር ሰርጓጅ አውሮፕላኖችን የብልሽት መዛግብት ሲመረምር ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። ያልታቀዱ ብልሽቶች በብዛት የሚደርሱት በየ50 ሰዓቱ ከሚደረገው ምርመራ በኋላ ወዲያው ነበር፤ ከዚያ በኋላ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ምርመራው ራሱ ደኅና የነበረውን ነገር እየነካካ ያበላሽ ነበር ማለት ነው። ይህ ትምህርት በዘይት ፍሳሽ ላይ በቀጥታ ይሠራል፤ ለጥቂት ጠብታ ተብሎ ሲሊንደር ማውለቅ የሞተሩን አካል አጥብቀው የያዙትን ብሎኖች መፍታትን ይጠይቃል፣ እነርሱም መልሰው በትክክለኛው መጠን ካልጠበቁ ከፍሳሹ የከፋ አደጋ ይወለዳል። ደንቡም ከመጠን ያለፈ ፍሳሽ ይላል እንጂ አንዳች ጠብታ አይኑር አይልም። አሮጌ የአውሮፕላን ሞተር ጥቂት ዘይት ማላቡ የተለመደ ነው።

ከመጠን ያለፈ የሚባለው የት ላይ እንደሚጀምር በአንድ ጠብታ ልዩነት መወሰን አይቻልም፤ የአሸዋ ክምር ስንተኛው ቅንጣት ሲነሣ ክምር መሆኑ ይቀራል እንደሚለው የጥንት ግሪኮች እንቆቅልሽ ነው። ሆኖም የድንበሩ አለመታወቅ ሁለቱን ወገኖች መለየትን አይከለክልም፤ እንዲያውም ጥያቄውን ከመጠን ወደ ምንጭና ወደ ለውጥ ያዞረዋል። ከክዳን ሥር የምታልብ፣ ምንጭዋ የታወቀች፣ ከወር ወር ያልጨመረች ጠብታ ልትጠበቅ ትችላለች፤ ምንጩ ያልታወቀ፣ ባለፈው ምርመራ ያልነበረ፣ ወይም ግፊት ካለበት ቱቦ የሚወጣ ጠብታ ግን መጠኑ ቢያንስም አይጠበቅም፤ በስበት ብቻ የሚወርድ ዘይት ቀስ ብሎ ሲያልቅ፣ በግፊት የሚወጣው ሞተሩን በአጭር ጊዜ ባዶ ሊያስቀር ይችላልና። ስለዚህ የማመን መብት ሁሉን ፈትቶ ማየትን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ያልተፈታውን ነገር ላለመፍታት የተሰጠው ምክንያት የታወቀና የሚፈተሽ መሆኑን ነው።

የዚህ መርሕ ወሰን የሚታየው ደግሞ ዱካ በማይተወው ነገር ላይ ነው። ከማርሚታው ዙሪያ የሚሞቀው አየር ወደ አብራሪው ክፍል ገብቶ ማሞቂያ ሆኖ ስለሚያገለግል፣ ማርሚታው ከተሰነጠቀ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ አብሮት ሊገባ ይችላል፤ ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 2019 እግር ኳስ ተጫዋቹን ኤሚሊያኖ ሳላን ይዞ የነበረው ባለ አንድ ሞተር ፓይፐር ማሊቡ አውሮፕላን በእንግሊዝ ባሕር ሰርጥ ላይ ሲወድቅ፣ የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች በሳላ ደም ውስጥ 58 በመቶ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሙሌት አግኝተዋል፤ አብራሪውም በጋዙ ሳይመረዝ እንዳልቀረ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ዘገባ ገልጸዋል። ዘይት ራሱን የሚያጋልጥ ጥፋት ነው፤ ይረጥባል፣ ይጨሳል፣ ይሸታል። ጋዙ ግን ራሱን አያጋልጥም። ስለዚህ ፍሳሽ የለም ብሎ ለማመን ዓይን በቂ በሆነበት ቦታ፣ ጋዝ የለም ብሎ ለማመን ዓይን በቂ አይደለም፤ ጋዙን የሚለካ መሣሪያ ማስቀመጥ ወይም ቧንቧውን በአየር ግፊት ፈትኖ የሳሙና አረፋ መመልከት ያስፈልጋል። ማስረጃ በራሱ ሊመጣ በማይችልበት ቦታ አለመምጣቱ ምንም አያረጋግጥም፤ መምጫ መንገድ ሊሠራለት ግድ ነው።

ጉዳዩ የሃይማኖት መልክም አለው። በአይሁድና በክርስትና ዘንድ የጋራ በሆኑት አሥርቱ ትእዛዛት የሐሰት ምስክርነት ተከልክሏል፤ በእስልምናም ምስክርነትን ማጣመምና መደበቅ ከኃጢአት ይቈጠራል። እነዚህ ክልከላዎች ብዙውን ጊዜ የሚታሰቡት እውነቱን እያወቀ ሐሰት ስለሚናገር ሰው ነው። የመካኒኩ ፊርማ ግን ክልከላው ከዚያ የሰፋ መሆኑን እንድናስብ ያደርጋል። ምስክር በችሎት የሚጠየቀው ምን ታምናለህ ተብሎ አይደለም፤ ምን አየህ፣ ከየት ቆመህ አየህ ተብሎ ነው። ሞተሩን ሳያስነሣ ደኅና ነው ብሎ የፈረመ ሰው፣ ሞተሩ በእርግጥ ደኅና ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ያላየውን እንዳየ አድርጎ መስክሯል። ነገሩ እውነት ሆኖ ምስክርነቱ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ክሊፎርድም ባለ መርከቡ መርከቡ ቢደርስም ጥፋተኛ ነው ሲል የተናገረው ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ይህ ሁሉ ሲጠቃለል ፊርማው ምን ሊል እንደሚገባው ይታወቃል። ይህ ሞተር አያፈስም የሚል ዐረፍተ ነገር ማንም ሰው ሊያረጋግጠው የማይችለውን ነገር ይናገራል፤ ነገ የሚላላውን ብሎን ዛሬ ያየ የለምና። ሞተሩ ከመታጠቡ በፊት ምን እንደ ታየ፣ ከታጠበ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ሠራ፣ የመጀመሪያው ርጥበት የት እንደ ታየ ወይም እንዳልታየ፣ የትኛው ማሸጊያ እንደ ተለወጠና የትኛው ጠብታ ለሚቀጥለው ምርመራ በክትትል እንደ ተተወ የሚገልጽ መዝገብ ግን ሙሉ በሙሉ እውነት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አንባቢው በጸሐፊው እንዲተማመን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው መዝገብ ቀጥሎ የሚመጣው መካኒክ ጸሐፊውን እንዲፈትነው ይፈቅዳል። ለማመን መብት ያለውን ሰው መብት ከሌለው የሚለየው የልቡ እርጋታ አይደለም፤ ባለ መርከቡም ልቡ የረጋ ነበር። የሚለየው፣ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ የሚታይበትን መንገድ ራሱ ከፍቶ መተዉ ነው።